የግቢያችን ጉድጓድ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል፤ አንድ የሙከራ ጉድጓድ ይበቃል?

የሐይቅ ዳሯ
ሰላም የሐዋሳ ሰዎች። ግቢያችን ውስጥ በእጅ የተቆፈረ የድሮ ጉድጓድ አለን። የቧንቧ ውሃ ሲጠፋ በዲናሞ ወደ ሮቶ እየሳብን ለልብስና ለዕቃ፣ ሲብስም ለወጥ እንጠቀምበት ነበር። ክረምቱ ከገባ ወዲህ ውሃው ናፍጣ ናፍጣ ይላል። ባልዲ ውስጥ ሲያድር ላዩ ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ ነገር ይንሳፈፋል። ከእኛ ከፍ ብሎ አንድ ማደያ አለ፣ ጎኑ ደግሞ ጋራዥ። ማደያው "ጋራዡን ጠይቂ" አለኝ፤ ጋራዡ ወደ ማደያው ጠቆመኝ። በሃይላንድ ቀድቼ አስመረመርኩ፤ የመጣው ወረቀት የሚያወራው ስለ ጀርምና ስለ ፍሎራይድ ብቻ ነው። አሁን አንድ ቆፋሪ "አጥርሽ ስር አንድ የሙከራ ጉድጓድ ላውጣልሽ፣ ከየት እንደመጣ ይታወቃል" ይላል። ገንዘቤን ላውጣ?

ታቦር ስር
አይዞሽ እህት። እስከዚያው አፍልታችሁ ተጠቀሙ።

መሰርሰሪያ
ኧረ እንዳታፈሉት! ማፍላት ጀርም ይገድል ይሆናል እንጂ ነዳጁን ቤት ውስጥ ያተነዋል፣ ያንኑ ትተነፍሱታላችሁ። ለወጥም ለገላም ይቅር። ዲናሞውን ዛሬውኑ ከመብራት ለዩት፤ ጉድጓዱ አፍ ላይ ትነት ከታመቀ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። "ላጽዳው" ብሎ የሚወርድ ሰውም እንዳይኖር።

አሁን ወደ ቆፋሪው። የምሠራው ቁፋሮ ላይ ነው፤ የሙያ ባልደረባዬን ገበያ ልዘጋበት አይደለም። ግን አንድ ጉድጓድ ነዳጅ መኖር አለመኖሩን እንጂ ከየት እንደመጣ አይነግርሽም። መኖሩንማ ባልዲሽ ነግሮሻል። አቅጣጫ ለማወቅ ቢያንስ ሶስት ያስፈልጋል፤ ያውም በአንድ መስመር ሳይሆን በሶስት ማዕዘን። በየጉድጓዱ በሚገባው ቱቦ ውስጥ የውሃውን ከፍታ ለክተሽ ታስተያያለሽ፤ ውሃው ከፍ ካለበት ዝቅ ወዳለበት ይሄዳል። የቱቦዎቹ አፍ በአንድ ልክ መነበብ ስላለበት የግንበኞች ግልጽ ጎማ እንኳን ለቅርብ ርቀት ያገለግላል። "ወደ ሐይቁ ነው የሚሄደው" ብሎ መገመት ያስኬዳል፣ ግን ጎረቤት ቀኑን ሙሉ ዲናሞ ከከፈተ ፍሰቱ ወደሱ ይታጠፋል። ከሶስቱ አንዱ ከማደያውም ከጋራዡም በላይ ይሁን። እሱ ንጹህ ሆኖ የታችኞቹ ከቆሸሹ ነዳጁ የገባው ከመሃል ነው ማለት ነው።

ብዙ ቆፋሪ የሚስተው ነገር ደግሞ አለ። ለመጠጥ ውሃ ስንቆፍር ቀዳዳ ያለውን ቱቦ ታች እናስቀምጣለን። ነዳጅ ግን ከውሃ ይቀላል፣ ይንሳፈፋል። ቀዳዳው ታች ከሆነ ነዳጁ ከላይ ተቀምጦ አንተ ንጹህ ውሃ ትቀዳለህ! ለክትትል ሲሆን ቀዳዳው የውሃውን ወለል ከላይም ከታችም አልፎ መያዝ አለበት፤ ሐይቁ ዳር ውሃው በክረምት ስለሚነሳ በበጋ ስለሚወርድ ሁለቱንም አስቦ። ባለ ሁለት ኢንች ፒቪሲ ይበቃል። በቀዳዳው ዙሪያ አሸዋ፣ ከሱ በላይ ቤንቶናይት (ውሃ ሲነካው አብጦ የሚደፍን ሸክላ)፣ አፉ ላይ ሲሚንቶና የሚቆለፍ ክዳን። አለበለዚያ የመንገዱ ጎርፍ የጋራዡን ዘይት ይዞ ይገባና በማደያው ታሳብቢያለሽ።

ናሙናው በሃይላንድ አይሆንም። ቱቦው ውስጥ የቆየውን ውሃ መጀመሪያ ማውጣት፣ የቱቦውን ሶስት እጥፍ ያህል። ከዚያ በትንንሽ የብርጭቆ ጠርሙስ፣ የአየር አረፋ ሳይኖርበት እስከ አፉ ሞልቶ በበረዶ ሳጥን። ላብራቶሪውን "ቢቴክስ መርምሩልኝ" በይ (ነዳጅ ውስጥ ያሉት ቤንዝን፣ ቶሉዊን፣ ኢታይልቤንዝንና ዛይሊን ማለት ነው)፤ ካልጠየቅሽ አይፈልጉትም። በነዳጅ ውስጥ ላለው ቤንዝን የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 0.01 ሚሊግራም ነው። አፍንጫ የሚነቃው ከዚያ በብዙ እጥፍ ካለፈ በኋላ ስለሆነ ሽታው ጠፋ ብለሽ እንዳትመለሺበት።

አንድ ነገር ሞክሪ። ባልዲው ላይ ያለውን ነገር በእንጨት ንኪው። እንደ ቅርፊት ተሰነጣጥቆ ከቀረ የብረት ባክቴሪያ ነው። ተመልሶ ከገጠመ ዘይት ነው።

የድሮ ፓምፕ ቀጂ
እኔ ማደያ ሠርቻለሁ። "ታንካችን ደህና ነው" የሚለውን ተያቸው፣ የዲፕ መዝገባቸውን አሳዩኝ በያቸው። በየቀኑ ዲፕስቲክ (የነዳጁን ከፍታ የሚለካ ዘንግ) ታንኩ ውስጥ ገብቶ የተለካው ከሽያጩ ጋር ይመሳከራል። ትንሽ ጉድለት ከትነት ይመጣል፤ በየቀኑ ሳያቋርጥ የሚጎድል ከሆነ ግን የሚያፈስ ነገር ሊኖር ይችላል። ውሃ ሲነካው ቀለሙ የሚለወጥ ቅባት አለ፣ ዲፕስቲኩ ጫፍ ላይ ይቀባል። ታንኩ ተበስቶ የከርሰ ምድር ውሃው ከደረሰበት እሱ ያሳብቃል። ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያንጠባጥበው ከታንኩ ወደ ፓምፑ የሚሄደው መስመር ነው።

የሐይቅ ዳሯ
በእንጨት ነካሁት፣ ወዲያው መልሶ ገጠመ። ዲናሞውን ነቅለናል። ግን የላይኛውን ጉድጓድ የት ላስቆፍር? ከማደያው በላይ ያለው ግቢ የሌላ ሰው ነው።

መሰርሰሪያ
ግቢ ውስጥ መግባት ግድ አይደለም፤ መንገድ ዳርም ይሆናል፣ በቀበሌ ፈቃድ። ማመልከቻውን ብቻሽን አታስገቢ። ጉድጓድ ያላቸውን ጎረቤቶች ሁሉ አስፈርሚ፣ እግረ መንገድሽንም የማን ውሃ እንደሚሸት፣ የማን እንደማይሸት ጻፊ። ከዚያ የሰፈሩን ንድፍ በእጅሽ ሥለሽ እዚህ ለጥፊው፣ ሶስቱን ቦታ አብረን እንመርጣለን።