የራስ ቅል አጥንቶች ለላቦራቶሪ ፈተና፦ ቀኝና ግራውን፣ ቀዳዳዎቹንም እንዴት ልለይ?

የደሴዋ ተማሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ የሕክምና ተማሪ ነኝ፤ የአናቶሚ ላቦራቶሪ ፈተናችን ደርሷል። ስሙን ሸምድጃለሁ፦ አንጎልን የሚይዙ 8፣ የፊት 14፣ በድምሩ 22። ራስ ቅሉ ሲገለበጥ ግን ቀኝና ግራው ይጠፋብኛል። ነጠላ ፓራይታል (የራስ ቅሉ የጎንና የጣሪያ አጥንት) ሰጥተው «የየትኛው ወገን ነው?» ሲሉ ምኑን ልያዝ? ኦቫሌና ስፓይኖሰም፣ ካሮቲድና ጁጉላር የሚባሉት ቀዳዳዎችም ይምታቱብኛል። ቤት ያለኝ የፕላስቲክ ሞዴል ብቻ ነው።

ሆጤ፦
አብሽሪ እህቴ፣ ችግሩ አያያዝሽ ላይ ነው። መጀመሪያ ራስ ቅሉን ሰው ቀጥ ብሎ እንደቆመ አድርገሽ አስቀምጪው፦ የዐይን ጉድጓዱ የታችኛው ጠርዝና የጆሮ ቀዳዳው የላይኛው ጠርዝ በአንድ አግድም መስመር ይዋሉ። ራስ ቅሉ ካዘነበለ ፊትና ኋላ፣ ላይና ታች የምትዪው ሁሉ ይሳሳታል።

ስትገለብጪው ጥርሱን ፈልጊ። ጥርሱ ከአንቺ ርቆ ከሆነና ከሥር እያየሽ ከሆነ የራስ ቅሉ ቀኝ በግራ እጅሽ በኩል ይውላል። ክዳኑ (የራስ ቅሉ ጣሪያ) ተነስቶ ከላይ ወደ ውስጥ ስታዪ ግን፣ ግንባሩ ከአንቺ ርቆ ሳለ፣ ቀኙ በቀኝሽ ነው። ፈታኞች ይህችን ይወዷታል።

ፓራይታሉን ጎድጓዳውን ወደ ውስጥ አዙሪው። ከአራቱ ማዕዘኖች ሹል ያለው ከስፊኖይድ (በራስ ቅሉ ወለል መሀል ካለው አጥንት) ጋር የሚገጥመው ነው፤ ቦታው ፊትና ታች። በውስጡ የሚድል ሜኒንጂያል አርተሪ (የአንጎል ሽፋን ደም ቅዳ) ቦይ ከዚያ ተነስቶ ወደ ላይና ወደ ኋላ ይበታተናል። ኋላና ታች ያለው ማዕዘን ደነዝ ነው፤ በውስጡ የሲግሞይድ ሳይነስ (የደም መላሽ መተላለፊያ) ሰፊ ቦይ አለ። ሹሉ ፊትና ታች፣ ደነዙ ኋላና ታች ከዋለ ወገኑ ራሱ ይወጣል። ቴምፖራል (የጆሮ አካባቢ አጥንት) ከዚህ ይቀላል፦ ወደ ጉንጭ የሚሄደው ዛይጎማቲክ ፕሮሰሱ ወደ ፊት፣ ከጆሮ ኋላ ያለው እብጠት ማስቶይዱ ወደ ታችና ወደ ኋላ፣ ጠንካራው ክፍል ፔትረሱ ወደ ውስጥ።

ቦርከና፦
ሆጤ ያለው ልክ ነው፤ እኔ ግን ቀዳዳዎቹን ከስፊኖይድ እንድትጀምሪ እመክራለሁ። አጥንቱ መሀል ተቀምጦ ክንፉን እንደዘረጋ የሌሊት ወፍ ነው፤ እሱን ካወቅሽ ሌላው በዙሪያው ይሰካል።

ከውስጥ ስታዪ ወደ ዐይን ጉድጓድ የሚከፈተው ስንጥቅ፣ ሱፒሪየር ኦርቢታል ፊሸር፣ ከፊት ነው (ከአንጎል ከሚወጡት ነርቮች 3ኛ፣ 4ኛ፣ 6ኛና የ5ኛው አንደኛ ቅርንጫፍ ያልፉበታል)። ቀጥሎ ሮተንደም፣ ኦቫሌ፣ ስፓይኖሰም ከመሀል ወደ ኋላና ወደ ጎን ቀስት ሠርተው ይሰለፋሉ። ሮተንደም የ5ኛውን ሁለተኛ፣ ኦቫሌ ሦስተኛውን ቅርንጫፍ ያሳልፋል፤ በስፓይኖሰም የሚገባው ሚድል ሜኒንጂያል አርተሪ ነው። ስፓይኖሰም ከኦቫሌ ኋላና ወደ ጎን ያለችው ትንሿ ናት። ብዙ ተማሪ የሚስተው ሮተንደምን ነው፦ ወደ ፊት፣ ወደ ቴሪጎፓላታይን ፎሳ (ከላይኛው መንጋጋ ኋላ ወዳለው ጉድጓድ) ስለሚከፈት ከሥር ብትፈልጊው አታገኚውም። ከሥር ሁለት አይተሽ አንዱን ሮተንደም ብለሽ ከጠራሽው ሁለቱንም ስተሻል።

ካሮቲድና ጁጉላር ፊትና ኋላ ናቸው። የፊተኛው ክቡ፣ ሙሉ በሙሉ በፔትረስ ውስጥ ያለው ካሮቲድ ካናል ነው። የኋለኛው ቅርጹ ያልተስተካከለው፣ በቴምፖራልና በኦክሲፒታል (የኋላ አጥንት) መካከል ያለው ጁጉላር ነው (9ኛ፣ 10ኛ፣ 11ኛ ነርቭና ደም መላሹ ያልፉበታል)። ቀኝ ጁጉላር ብዙ ጊዜ ከግራው ይሰፋል፤ አትደንግጪ።

ክዳኑ ከተነሳ የስልክሽን መብራት ወደ ውስጥ አብሪና ከሥር ተመልከቺ። ኦቫሌና ስፓይኖሰም ቀጥ ብለው ስለሚያልፉ ያበራሉ። ካሮቲድ ካናል በአጥንቱ ውስጥ ስለሚታጠፍ አያበራም። ላሴረም የሚባለው ቀዳዳ ግን በደረቅ አጥንት ያበራል፤ በሕይወት ባለ ሰው ታችኛው ክፍሉ በካርቲሌጅ (በልም አጥንት) የተዘጋ ነው። ስለዚህ «ካሮቲድ አርተሪ በላሴረም ወደ ታች ያልፋል» ብለሽ አትጻፊ፤ በላዩ ነው የሚያልፈው።

ሰኞ ገበያ፦
ስለ ሞዴሉ፦ በርካሽ ፕላስቲክ ስፓይኖሰም ብዙ ጊዜ ድፍን ነው፤ የዐይን ጉድጓድና የአፍንጫ ስስ አጥንቶች ላክሪማልና ኤትሞይድም በቀለም ብቻ ይለያሉ። ሞዴሉ ለአቀማመጥና ለሱቸር (አጥንቶቹ ለሚገጣጠሙበት መስመር) ይበቃል፣ ለቀዳዳ ግን ላቦራቶሪ ውስጥ ያለው አጥንት ይሻላል። እሱን ስታነሺ ጣት በዐይን ጉድጓድ አታስገቢ፣ ዛይጎማቲክ አርኩንም (የጉንጩን ቅስት) አትያዢ፤ በሁለት እጅ ከሥር ደግፈሽ ጨርቅ ላይ አኑሪው። ስቲሎይድ ፕሮሰሱ (ከጆሮ ሥር ወደ ታች የወጣው ቀጭን ሹል አጥንት) የሌለበት ራስ ቅል ብዙ ጊዜ በአያያዝ ጉድለት የተሰበረ ነው። ቀዳዳ ለመፈተሽ የመጥረጊያ ስንጥር እንጂ እስክሪብቶ አይሁን።

ፕቴሪዮንን እንደ ነጥብ አትያዢው። ፍሮንታል (የግንባር አጥንት)፣ ፓራይታል፣ ቴምፖራልና ስፊኖይድ የሚገናኙበት ትንሽ አካባቢ ነው፤ ከዛይጎማቲክ አርኩ መሀል ወደ ላይ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል። አጥንቱ እዚያ ስስ ነው፣ ከሥሩም የሚድል ሜኒንጂያል የፊት ቅርንጫፍ ያልፋል። «ለምን ይጠቅማል?» ቢሉሽ መልሱ ኤፒዱራል (በአጥንቱና በአንጎል ሽፋኑ መካከል የሚሆን) ደም መፍሰስ ነው። ላምዶይድ ሱቸር (የፓራይታልና የኦክሲፒታል መገጣጠሚያ) ላይ ትርፍ ትናንሽ አጥንቶች ብታዪ ደግሞ ስብራት አይደሉም፣ ዎርሚያን ይባላሉ።

የደሴዋ ተማሪ፦
እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ብቻ፦ ሃይፖግሎሳል ካናልና ኮንዲላር ካናልስ?

ቦርከና፦
ስንጥሩን ከፎራመን ማግነም (ከራስ ቅሉ ሥር ካለው ትልቁ ቀዳዳ) ጠርዝ ከውስጥ ወደ ጎን አስገቢ። ከኦክሲፒታል ኮንዳይሉ (ከአንገት አጥንት ጋር ከሚገጥመው እብጠት) በላይ አልፎ ከፊት በኩል ከወጣ ሃይፖግሎሳል ነው፣ 12ኛው ነርቭ የሚያልፍበት። ኮንዲላሩ ከኮንዳይሉ ኋላ ባለው ጉድጓድ ነው፤ የሚያሳልፈው ደም መላሽ ነው፤ በአንድ ወገን ወይም በሁለቱም ላይኖር ይችላል።