ጉሬዛ በስልክ ማንሳት አቃተኝ፣ እስቲ እርዱኝ

ሰላም ወገን። ቅዳሜ ጠዋት መናገሻ ሱባ ጫካ በእግር ሄድን። ወጨጫ ተራራ ላይ ያለው ማለቴ ነው። አንድ ትልቅ ጥድ ላይ አራት ጉሬዛዎች ተቀምጠው አየን። አንዷ ግልገል ታቅፋለች፤ ገና ስለተወለደ ሙሉ በሙሉ ነጭ ነው። ደስታዬን አትጠይቁኝ!

ስልኬን አውጥቼ፣ በጣቴ ዘርግቼ አቅርቤ አነሳሁ። ቤት ገብቼ ብከፍተው ጉድ ነው። ጉሬዛዋ ቅርንጫፍ ላይ የተንጠለጠለ ጥቁር ፌስታል መስላለች። ሰማዩ ነጭ ወረቀት ነው። ያ የሚያምር የጅራቷ ነጭ ጸጉር ከሰማዩ ጋር ተቀላቅሎ ጠፍቷል። ግልገሉማ ጭራሽ የለም።

ስልኬ የሩቅ ሌንስ የለውም። ዙም ሳደርግ ያው ፎቶውን ቆርጦ ማስፋት ነው፤ ቅጠሉ ሁሉ በውሃ ቀለም የተሳለ ይመስላል። እንስሳዋን ነክቼ ብርሃኑን ከፍ ሳደርግ ፊቷ ትንሽ ወጣ፣ ሰማዩ ግን ባሰበት። ኤችዲአርም (ስልኩ ብዙ ፎቶ በተከታታይ አንስቶ ብርሃኑን ለማመጣጠን አንድ ላይ የሚያዋህድበትን) ሞከርኩ። ቁጭ ስትል ደህና ነው፤ ስትዘል ግን ሁለት ጅራት አወጣች።

አሁን የጓደኛዬን ባለ 10 እጥፍ የሩቅ ማያ መነጽር ተውሻለሁ። ስልኩን ከዓይን መመልከቻው ላይ ሳስጠጋው ጥቁር ክብ ብቻ ነው የሚታየኝ። እንዴት ነው የሚያያዘው? ወይስ ቪዲዮ ቀርጬ ከዚያ አንዱን ምስል ባወጣ ይሻላል? ፀሐይዋስ ከኋላዬ እንድትሆን በስንት ሰዓት ልድረስ?

ካሜራ ግዛ እንዳትሉኝ ብቻ፤ ኪሴን አውቀዋለሁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ተመልሼ እሄዳለሁ።