«ይልፈሰፈሳል» የተባለው የወንድ ስም

ቀለም ቆጣሪ፦ ናቲ ትናንት «የወንድ ልጅ ስም በ‹ል› ወይም በ‹ስ› ካልተዘጋ ይልፈሰፈሳል» ብሎ ለወላጆች ምክር ሰጠ። ያጨበጨበለትም አልጠፋም። እስቲ አስረዱኝ፣ ከበደ ከተልፈሰፈሰ ማን ሊከብድ ነው?

ናቲ፦ ያልኩት ስለ ትርጉም አይደለም፣ ስለ ድምፅ ነው። «ዳንኤል» ስትል የት እንዳለቀ ይታወቃል። «ታደሰ» መጨረሻው አየር ላይ ይቀራል።

ቀለም ቆጣሪ፦ ከሩቅ ስትጣራ የሚሳበው አናባቢው እኮ ነው። «ካሣ» ብለህ እስከፈለግህ ትጎትተዋለህ። ዳንኤል ላይም የምትጎትተው ‹ኤ›ን ነው፤ ‹ል› መጥቶ በሩን ይዘጋብሃል።

የሰዋስው ነገር፦ ሁለታችሁም ዋናውን ዘለላችሁት። አበበ–አበበች፣ ወርቅነህ–ወርቅነሽ፣ ዘውዱ–ዘውዲቱ። አበበ ላይ «ተልፈሰፈሰ» ያላችሁት ድምፅ ራሱ «እሱ» ማለት ነው። እሱን ነቅላችሁ ወንድ ትፈልጋላችሁ?

ሸጋው፦ ጸጋዬ ወንድ፣ ሸዋዬ ሴት፣ ደስታ ለሁለቱም። ሕግህ የት ገባ?

የሰዋስው ነገር፦ ‹ዬ› «የኔ» ነው፤ የማን እንደሆነ እንጂ ጾታ አይናገርም። ደስታ ደግሞ ግሥ አይደለም፣ ምኑን ታረባዋለህ?

ናቲ፦ ካሣ ኃይሉ በ1847 ሲነግሥ ቴዎድሮስ፣ ካሣ ምርጫ በ1864 ዮሐንስ ተባሉ። ሁለቱም ‹ሣ›ን ጥለው በ‹ስ› ዘጉ። እንዲሁ ነው?

ሸጋው፦ ቴዎድሮስ የተባለው ትንቢት ስለነበረ ነው እንጂ ‹ስ› አምሮት አይደለም! ተፈሪስ ሲነግሥ? ኃይለ ሥላሴ፣ በ‹ሴ› አለቀ። ተልፈሰፈሰ በላ።

ናቲ፦ ‹ኤል› እኮ አምላክ ማለት ነው። ከዚህ በላይ ምን ጥንካሬ አለ?

ቀለም ቆጣሪ፦ «ስለ ትርጉም አይደለም» ያልከው አንተ አይደለህም? ደግሞም ‹ኤል› የሚሠራው ከፊቱ ቃል ሲኖር ነው። ሚካኤል፣ «ማን እንደ አምላክ»። ዳንኤል፣ «አምላክ ፈራጄ ነው»። ጆሮ ላይ ደስ ያሉ ሁለት ፊደሎች ይዞ መጥቶ ‹ኤል› መለጠፍ ስም ማውጣት አይባልም። የኤልያስ ‹ስ›ም የግሪክኛ ጭራ ናት። ዕብራይስጡ «ኤሊያሁ» ነው፣ በአናባቢ ያልቃል። ነቢዩም ተልፈሰፈሰ?

የሰዋስው ነገር፦ መጨረሻውን የምትመርጡ ሰዎች የአባቱን ስም ለምን አታዩም? አባት ለማ ሆኖ ልጁ ሚካኤል ሲባል ሁለቱ ‹ል› ተዋጡ፤ ሰሚው «ሚካኤ ለማ» ይሁን «ሚካኤል ኧማ» ግራ ገብቶት «ድገመው» ይላል። አባት ሰይፉ ከሆነ ታደሰም ያው ነው፣ ‹ሰ-ሰ›። ጮክ ብላችሁ ሦስት ጊዜ በፍጥነት ጥሩት፣ የአያቱን ስም ጨምራችሁ። ነገ ደግሞ ልጁ ራሱ አባት ሲሆን ስሙ ከኋላ ይቆማል፣ ያን ጊዜ የሚጋጨው መነሻው ነው።

ሸጋው፦ ሁለት ቃል የምታጣምሩም አስቡበት። «ኃይለ» ብቻውን አይቆምም፣ ሰፈሩ ወዲያው ኃይሌ ያደርገዋል።

ቀለም ቆጣሪ፦ ሳሙኤል ሳሚ፣ ዳንኤል ዳኒ። ያ ጠንካራ ‹ል› ልጁ ዳዴ ሳይል ይቆረጣል። ለመሆኑ «ናቲ» ከምን ተቆርጦ ነው?

ናቲ፦ ይሄ የግል ጥቃት ነው።

ቀለም ቆጣሪ፦ አይደለም፣ ስለ ድምፅ ነው።