2147483647 ብቸኛ ቁጥር መሆኑ በእጅ ስሌት እንዴት ተረጋገጠ?

ጠያቂ፦ የሂሳብ ሊቁ ኦይለር እ.ኤ.አ. በ1772 ይህ ቁጥር ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ እንደሌለው ማረጋገጡን አነበብኩ። ይህን ሁሉ ማካፈል በእጅ እንዴት ተቻለ?

መልስ 1፦ ቁጥሩ ሠላሳ አንድ 2ቶች ተባዝተው ከውጤቱ 1 ሲቀነስ የሚገኝ ስለሆነ፣ ከ1 የሚበልጥ ማንኛውም አካፋዩ ለ248 ሲካፈል ቀሪው 1 ወይም 63 መሆን አለበት፤ ብቸኛ ባይሆን ደግሞ ከ46340 የማይበልጥ አካፋይ የግድ ይኖረው ነበር። ከውጤቱ ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ ይህ ፍለጋውን የማጥበብ ዘዴ ነው።

መልስ 2፦ 31 ራሱ ብቸኛ መሆኑ ግድ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። በ31 ፈንታ 11 ብንወስድ የምናገኘው 2047 የ23 እና የ89 ብዜት ነው።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። 23ም 89ም የ11 እጥፍ ለሆነው ለ22 ሲካፈሉ 1 እንደሚቀር አየሁ፤ ተመሳሳይ ደንብ እዚህም ይሠራል ማለት ነው።