«ድመቷን ከከረጢት አወጣት» ከጅራፍ ነው የመጣው?

የማታ ተማሪ፦ እንግሊዞች ምስጢር ያሾለከን ሰው «ድመቷን ከከረጢት አወጣት» ይሉታል። መምህራችን ዛሬ አባባሉ ከባሕር ኃይላቸው ጅራፍ የመጣ ነው ብሎ አስጻፈን፤ ባለ ዘጠኝ ጭራው ጅራፍ «ድመት» ይባል ነበርና። ጅራፍና ምስጢር ምን አገናኛቸው ብዬ ስጠይቀው «የታወቀ ነው» ብሎ አለፈኝ። በጣም ተናድጃለሁ።

መርከበኛው፦ መምህርህ ልክ ነው። ጅራፉ በከረጢት ነበር የሚቀመጠው። የታወቀ ነገር ነው።

ሳባ፦ አንተም «የታወቀ»! ማን ዘንድ? ጅራፍ ሲወጣ ሰው ይገረፋል እንጂ ምን የተደበቀ ነገር ይገለጣል? እስካሁን የተገኘው ቀዳሚ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. የ1760 የለንደን መጽሔት ነው። አንድ ሐያሲ ደራሲው ድመቷን ከከረጢት ባላወጣት ይሻል ነበር ይላል። የሚያወራው ስለ መጽሐፍ ነው፤ መርከብ የለበትም። ይልቅ የገበያ ማጭበርበር ነው የሚመስለኝ፦ የአሳማ ግልገል ብሎ በከረጢት ድመት መሸጥ። ከረጢቱ ሲፈታ ጉዱ ይወጣል።

የበግ ተራው፦ ይሄም አይዋጥልኝም። እኔ ላቱን ሳልዳብስ፣ ጥርሱን ሳላይ በግ ገዝቼ አላውቅም። ገበሬ ድመትና አሳማ በእጁ አይለይም? ድመቷስ ዝም ትላለች?

ሳባ፦ ታዲያ ጀርመኖቹ ሳያዩ መግዛትን «ድመት በጆንያ መግዛት» የሚሉት ለምንድን ነው? ሆላንዶችም ይሉታል። ምስጢር ማውጣትንም ጀርመኖቹ «ድመቷን ከጆንያ መልቀቅ» ይሉታል። እነሱም ከእንግሊዝ ጅራፍ ወሰዱት?

መርከበኛው፦ ጎረቤት ከጎረቤት ይዋሳል። የታወቀ ነው።

ሳባ፦ አሁንም «የታወቀ»! አንድ ጽሑፍ አምጣ አልኩህ።

ተርጓሚዋ፦ እኔን የሚያበግነኝ ሌላ ነው። ፊልም ላይ «ድመቷን ለቀቃት» ብለው ይተረጉሙታል። «ጉዱን ዘረገፈው» አማርኛ አይደለም?

የበግ ተራው፦ መዘርገፍ እኮ ሆን ብሎ ነው። እንግሊዝኛው ብዙ ጊዜ ሳያስበው ላወጣ ሰው ነው። «ከአፉ አመለጠው» በይ።

ተርጓሚዋ፦ ሁልጊዜ አይደለም፤ አውቆ ላወጣም ይባላል። ለአንተ አንድ ቃል አንድ ፍቺ ብቻ ነው ያለው።

የበግ ተራው፦ ለእኔ? ድመቷን የለቀቁት የእናንተ ሙያ ሰዎች ናቸው!

የማታ ተማሪ፦ ኧረ ፈተና ላይ ቢመጣ ምን ልጻፍ?

መርከበኛው፦ ጅራፍ።

ሳባ፦ እንዳትጽፍ!