ሐዋሳ መናኸሪያ ነኝ፣ ከመኪና ወርጄ ቀረሁ። ቶሎ መልሱልኝ!

ጠያቂ፦ ወደ አዲስ አበባ ተሳፍሬ ነበር። አጠገቤ ያለው ሕፃን «እማ፣ ሊያስመልሰኝ ነው» ሲል ዘልዬ ወረድኩ። እጄ እስካሁን ይንቀጠቀጣል። የእህቴ ሰርግ ነገ ነው። ሌላ ሚኒባስ እየሞላ ነው። ምን ላድርግ?

የታቦር ልጅ፦ ሎሚ ያዢ። ልጡን ጫር ጫር አድርገሽ አሽትቺው።

ጋሽ መምህር፦ የዘንድሮ ልጆች ባዶ ሆዳችሁን ትሳፈራላችሁ። እኛ በጭነት መኪና፣ እህል ላይ ተቀምጠን አዲስ አበባ ስንገባ ማን አስመለሰ?

ሾፌሩ፦ ጋሼ፣ ያስመለሰው ከኋላ ነበር። እርስዎ ፊት ፊቱን እያዩ ነው።

ብሩኬ፦ ፍርሃት ምናምን አትበይ፣ መኪና ያዞርሻል። መድኃኒት ቤት ሂጂ፣ የጉዞ ክኒን አለ።

ጠያቂ፦ አያዞረኝም አልኩ እኮ! ካስመለስኩ ዓመታት ሆኖኛል። ድምፁን መስማት ነው የሚገድለኝ። ሎሚ፣ ማስቲካ፣ ፌስታል ቦርሳዬ ሙሉ ነው።

ሲስተር፦ እህቴ፣ ማስመለስን መፍራት የታወቀ ችግር ነው። ስትፈሪ ሆድሽ ይገለባበጣል፣ አንቺ «መጣ!» ትያለሽ፣ ይብስበታል። ዛሬ ልምምድ አትጀምሪ። ረዳቱን ጋቢና ለምኚው፣ ሎሚሽንም ይዘሽ ሂጂ። ከሰርጉ መልስ ግን ቀስ በቀስ ነው። መጀመሪያ «ትውከት» ብለሽ ጻፊ፣ ጮክ ብለሽ አንብቢው። እሱ ሲሰለችሽ ፎቶ፣ ቀጥሎ ድምፅ፣ ከዚያ ቪዲዮ። በሶ በጥብጠሽ ሽንት ቤት ጎንበስ በይና እንዳስመለሰ ሰው ድፊው። በእውነት ማስመለስ አይጠበቅብሽም። ዋናው ነገር ፍርሃቱ በረድ ሳይል አለመሮጥ ነው። ከሮጥሽ ጭንቅላትሽ «መሮጤ ነው ያዳነኝ» ብሎ ይይዘዋል። ሎሚውና ፌስታሉም እንደዚያው ናቸው፤ ስትለማመጂ አንድ በአንድ ከቦርሳ ይውጡ። በኋላ ሻሸመኔ ደርሶ መልስ ሞክሪ፣ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ብቻዬን አልችልም ካልሽ ሪፈራል ሆስፒታል የሥነ አእምሮ ክፍል ጠይቂ።

ብሩኬ፦ በሶ ይደፋል እንዴ? በዚህ ኑሮ!

ሾፌሩ፦ ከመድፋትሽ በፊት ደውይልኝ፣ ማር ይዤ እመጣለሁ።

ሲስተር፦ ሁለት ማንኪያ ይበቃል፣ አትጨቃጨቁ። ጠያቂ፣ ጋቢና አገኘሽ?

የታቦር ልጅ፦ ሎሚውን ግን እንዳትረሺ።

አላፊ፦ መናኸሪያ ካለሽ፣ የአዲስ አበባ ታሪፍ ስንት ገባ?