የዕቅድ ውይይት፦ ለሲኤንሲ (በኮምፒውተር ለሚመሩ) ማሽኖቻችን የኬብል ሰንሰለት የጋራ ግዥ ረቂቅ

ጸሐፊ፦
ረቂቁ ለሥራ አመራሩ የሚቀርበው ግንቦት 30 ነው። የ14 አባላት ማሽኖች በተደጋጋሚ የሚቆሙት በሞተር ወይም በካርድ ብልሽት ሳይሆን ከሚንቀሳቀሰው ክፍል ጋር ሲመላለሱ በሚበጠሱ ኬብሎች ምክንያት ስለሆነ፣ ኬብሎቹን ይዞ የሚሄደውን ሰንሰለት በአንድነት መርጠን በአንድ ኤልሲ (በባንክ በሚከፈት የክፍያ ሰነድ) እናስገባ የሚል ነው። ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ እያንዳንዳችን ሁለት ሦስት ሜትር በተናጠል ማምጣት እንደማያዋጣ ባለፈው ስብሰባ ተነጋግረናልና ወደዚያ አንመለስ።

እብነ በረድ ቆራጭ፦
ለእኛ ሙሉ በሙሉ የተዘጋው ዓይነት ይጻፍልን። ባለፈው ወር መጋዜ ቀኝ ጫፍ ሲደርስ ብቻ የኢንኮደር (የሞተሩን አቀማመጥ የሚለካው መሣሪያ) አላርም እያሰማ ይቆም ነበር፤ ወደ መሐል ስንመልሰው ምንም እንዳልተፈጠረ ይሠራል። ሁለት ቀን ድራይቩን፣ ማለት ሞተሩን የሚቆጣጠረውን ክፍል፣ ስንፈታ ከቆየን በኋላ ሰንሰለቱን ስንከፍተው የእብነ በረድ ጭቃ ውስጡ ገብቶ እንደ ሲሚንቶ ደርቆ፣ ኬብሎቹን ከቀለበቶቹ ጋር አጣብቋቸዋል። የኬብሉ ልባስ ከላይ ሲታይ ጤነኛ ነበር፤ በጣት ሲጫኑት ግን ውስጡ የተበጠሰበት ቦታ ባዶ ሆኖ ይሰማል።

ፕላዝማ ቤት፦
የተዘጋ ናይለን ለጭቃ ይሆናል፤ የቀለጠ የብረት ፍንጣሪ ሲያርፍበት ግን እንደ ሻማ ይበሳል። ለእኔ ብረት ይጻፍ። ብረቱ ከባድ መሆኑንና ውኃ ባለበት ቦታ እንደሚዝግ አውቃለሁ፤ እኔ ዘንድ ግን ውኃ የለም።

ቶርኖና ፍሬዛ፦
ሁለታችሁም ስለ ሰንሰለቱ ብቻ ትጽፋላችሁ። ከገበያ የምንገዛው ባለ ፒቪሲ ልባስ ኬብል በማቀዝቀዣው ፈሳሽ ዘይት እየደረቀ ስለሚሰነጠቅ፣ ምንም ዓይነት ሰንሰለት ብናመጣ ልባሱ ፖሊዩረቴን፣ መዳቡም ቀጫጭን ክሮች ያሉት ክላስ 6 ካልሆነ ገንዘባችንን በከንቱ አፍስሰናል። የመተጣጠፊያው ራዲየስ ከወፍራሙ ኬብል ውፍረት አሥር እጥፍ ይሁን፤ 15 ሚሊሜትር ከሆነ 150 ማለት ነው። ሦስት ሜትር ለሚመላለስ የማሽን ድልድይ፣ ቋሚው ጫፍ መሐል ላይ ከታሰረ፣ የምልልሱን ግማሽ 1,500 እና ለመታጠፊያው 471 ሚሊሜትር ስንደምር ሁለት ሜትር ገደማ ይበቃል። ውስጡ ከ60 በመቶ በላይ አይሞላ፤ ኬብሎቹም በሁለቱ ጫፎች ብቻ ይታሰሩ እንጂ ውስጥ ለውስጥ በናስትሮ አይጠቅለሉ። (ናስትሮ የምትጠቀልሉት ራሳችሁን ታውቃላችሁ።)

ሂሳብ ያዥ፦
«ሰንሰለት» የሚለው ቃል ከረቂቁ ካልወጣ አልፈርምም። በ2014 ያመጣነው ዕቃ በሰነዱ ላይ ሰንሰለት ተብሎ ስለተጻፈ የሞተር ሳይክል ሰንሰለት ተብሎ ታሪፍ እንደወጣለት፣ እስኪስተካከልም ድረስ የመጋዘን ኪራይ እንደቆጠረብን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ።

ጸሐፊ፦
እንግዲያውስ «የኬብል መሪ» እንበለው።

እብነ በረድ ቆራጭ፦
መሪ ካልነው የመኪና መሪ ይመጣልናል።

ፕላዝማ ቤት፦
«ማስኬጃ» ይባል።

ቶርኖና ፍሬዛ፦
ማስኬጃ ምንም አይገልጽም፤ ባቡር ሐዲዱም ማስኬጃ ነው። ሠራተኛ ሁሉ ሰንሰለት እያለ የሚጠራውን ዕቃ እኛ በወረቀት ላይ ስም ብናወጣለት ነገ መለዋወጫ ሲጠየቅ ማን ይረዳዋል? ታሪፉ የሚወጣው በፕሮፎርማው ላይ በሰፈረው መግለጫ እንጂ በእኛ ረቂቅ አይደለም።

ሂሳብ ያዥ፦
ፕሮፎርማው የሚጠየቀው ከዚህ ረቂቅ ተወስዶ ነው።

እብነ በረድ ቆራጭ፦
«የኬብል ቦይ» ብንለውስ? የእኔ በጭቃ ስለሚሞላ ስሙ ይስማማዋል።

ፕላዝማ ቤት፦
የማኅተሙ ቅርጽ ክብ ይሁን ሞላላ ብለን ሁለት ወር እንደፈጀነው ይህንንም ልናደርገው ነው። ሂሳብ ያዡ ግዥው እንዲቀር ከፈለጉ በግልጽ ይንገሩን።

ሂሳብ ያዥ፦
የመጋዘኑን ኪራይ ከኪሴ አበድሬ የከፈልኩት እኔ ነኝ፤ እስከ ዛሬም ያልተመለሰልኝ ገንዘብ አለ። ግዥው እንዲቀር የሚፈልግ ሰው እንዲህ አያደርግም። መዝገቡን ለሌላ ሰው አስረክቤ እወጣለሁ።

ሰብሳቢ፦
ማንም አይወጣም። ቃሉ ይቆይና ከረቂቁ ጋር አንድ ቁራጭ ናሙናና ሥዕል ይያያዝ፤ ዕቃውን በዓይኑ ያየ ትራንዚተር ከሞተር ሳይክል ጋር አያምታታውም። ናሙናውን ማን ያመጣል? የየማሽኑን የምልልስ ርዝመት፣ የኬብሎቹን ብዛትና ውፍረትስ ማን ይሰበስባል?

ብየዳ ቤት፦
ሁለቱንም እኔ እስከ ዓርብ አደርሳለሁ።

ፕላዝማ ቤት፦
ስለ ኪራዩ አላወቅሁም ነበር፤ በተናገርኩት ይቅርታ ይደረግልኝ። ገንዘቡ በረቂቁ ውስጥ ተካትቶ ይመለስላቸው።

ሂሳብ ያዥ፦
ተቀብያለሁ። «የኬብል ተሸካሚ» ከተባለ ግን አሁንም እፈርማለሁ።

ጸሐፊ፦
ዛሬ ግንቦት 24 ነው። ከብየዳ ቤት ናሙናም ልኬትም አልደረሰም፤ ስልኩም አይነሳም። በራሳቸው የላኩት አምስት አባላት ብቻ ሲሆኑ ሁለቱ የምልልሱን ሳይሆን የኬብሉን ርዝመት ነው የጻፉት።

ቶርኖና ፍሬዛ፦
ያለ ልኬት ሰንሰለት ማዘዝ ያለ እግር ቁጥር ጫማ እንደማዘዝ ነው። ኬብሉ ግን የማንም ማሽን ልኬት ሳይጠብቅ በጥቅል ሊታዘዝ ይችላል።

ፕላዝማ ቤት፦
ቆርቆሮ እኔ ዘንድ አለ። አሁን ባለው ሰንሰለት ላይ ፍንጣሪና ጭቃ የሚከለክል ተዳፋት ክዳን አጥፌ መሥራት እችላለሁ፤ የእያንዳንዱን ስፋት ብቻ ላኩልኝ።

እብነ በረድ ቆራጭ፦
ክዳን ከላይ የሚወርደውን ያስቀር ይሆናል፤ የእኔ ጭቃ ግን ከጎን ነው የሚረጨው። እኔ የጠየቅሁት የተዘጋ ሰንሰለት ነበር።

ሰብሳቢ፦
የተዘጋውም የብረቱም ዓይነት ልኬቱ ሲሟላ በሁለተኛ ዙር ይታያል። ለግንቦት 30 የሚቀርበው የፖሊዩረቴን ኬብል በጥቅል፣ የቆርቆሮ ክዳን ሥራ እና ያልተመለሰው የመጋዘን ኪራይ ነው። ጸሐፊው ርዕሱን ያስተካክል።

ጸሐፊ፦
አስተካክያለሁ፤ «የኬብልና የክዳን ግዥ» ብዬዋለሁ።

ሂሳብ ያዥ፦
«ክዳን» ከተባለ የድስት እንዳይመስል «መከለያ» ቢባል።